ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ ቤንዚንና ስለ መሰሎቹ አጠባበቅ

ለክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት፤ እንዲሁም በወልቂጤና በቡታጅራ ከተማ ቤትና ሱቅ ለምታከራዩ ባለ ንብረቶች።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ የተናገሩት ቃል ለነገር ሁሉ ምሳሌ ሆኖ ይነገራል፤ ስለ ቤንዚን የሆነ እንደ ሆነ ግን ምሳሌነቱ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት ነው። ዛሬ በጉራጌ አገር ሞተር ብስክሌቱ፣ ባጃጁና የመስኖ ውሃ መሳቢያው ሞተር በዝቷል፤ መብዛቱም የሥራ ምልክት ስለ ሆነ ደስ ያሰኛል። ዳሩ ግን ከሞተሩ ጋራ ቤንዚኑ በጀሪካንና በውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ ወደ ሱቅ ጓዳ፣ ወደ መኝታ ቤትና ወደ ጎጆ ገብቷል። ስለዚህም ነገር የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ስለ ዋጋውና ስለ ሽያጩ ነው። እኔ ግን ነገሩ አስቀድሞ የእሳት ነገር፣ ከዚያ በኋላ የገበያ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ የቤንዚንን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከፈሳሹ የሚወጣው ተን ነው። ላምባ የሚቀጣጠል ተን የሚሰጠው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው፤ ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ያህል በሆነ ብርድ እንኳ ይህን ተን መስጠቱን አይተውም። እንግዲህ በወልቂጤ ቀትርም ሆነ በቡታጅራ ሌሊት፣ ክዳኑ የላላ ጀሪካን ክብሪት የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ተኑም ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጢስ ወደ ላይ አይወጣም፤ እንደ ውሃ በወለል ላይ እየተሳበ ዝቅ ያለውን ስፍራ ይፈልጋል። በአየሩ ውስጥ ከ100 እጅ አንድ ተኩል እጅ ያህል የሆነ እንደ ሆነ ለመንደድ ይበቃዋል።

የጉራጌን ቤት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ያስተውላል። ትልቁ ጎጆ ክዳኑ ሣር ነው፤ ምድጃውም በውስጡ ነው። ጀሪካኑ ከግድግዳው ሥር ተቀምጦ ሳለ እሳቱ ወደ ቤንዚኑ ባይሄድ፣ ቤንዚኑ በተኑ አማካይነት ወደ እሳቱ ይሄዳል። ቤቶቹ በጀፎረው ግራና ቀኝ በተራ የተሠሩ ስለ ሆኑም፣ ነፋስ ባለበት ቀን የአንዱ ቤት ጥፋት የጎረቤቱም ጥፋት ሊሆን ይችላል። ይልቁንም በመስቀል ሰሞን ልጆች ከአዲስ አበባና ከየከተማው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ምድጃውም ያለ ዕረፍት ይነዳል፤ የነዳጅ ፈላጊውም ይበዛል። እንግዲህ ቤንዚን በየቤቱ እንዳይከማች ቁጥጥሩ መጥበቅ ያለበት ከበዓሉ በፊት ነው እንጂ ከበዓሉ በኋላ አይደለም።

ቤንዚን ብቻውን አይደለም፤ ወንድሞች አሉት። የቀለም ማቅጠኛው ቲነር ብዙውን ጊዜ ቶሉይን የሚባል ፈሳሽ አለበት፤ ቶሉይንም 4 ዲግሪ ያህል በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ይኸው ፈሳሽ በጫማ ሠሪው ማስቲሽ ውስጥም ይገኛል። ማስቲሹ በእሳት ከማቃጠሉ በላይ ሌላ ጥፋት አለው፤ መንገድ ላይ የሚያድሩ ሕፃናት ተኑን እየሳቡ አእምሯቸውን ይጎዳሉ፤ ልብን በድንገት አቁሞ የሚገድልበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ማስቲሽ ለሕፃን የሚሸጥ ነጋዴ ከረሜላ እንደ ሸጠ ሊቆጠር አይገባውም። በማረቆና በመስቃን በርበሬውን ከተባይ የሚጠብቅ ገበሬም፣ በውሃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት ከሚነጣው መድኃኒት ውስጥ ብዙው ዛይሊን በሚባል በሚነድ ፈሳሽ የተሟሟ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል፤ መርዝነቱን ፈርቶ ከልጆች ቢያርቀውም፣ እሳትነቱን ባለማወቅ ከምድጃ አጠገብ ሊሰቅለው ይችላልና።

በመንገድ ላይ ስለሚደርሰውም ጥቂት ልናገር። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ በወልቂጤ ያልፋል፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴም ይመላለስበታል። በ2001 ዓ.ም. በኬንያ በሞሎ አጠገብ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በታንዛንያ በሞሮጎሮ ቦቴ ተገልብጦ ሕዝቡ የፈሰሰውን ነዳጅ ሊቀዳ ሲሽቀዳደም እሳት ተነሣ፤ በሁለቱም ስፍራ የሞቱት በየፊናው ከ100 ይበልጣሉ። እነዚያ ሰዎች ሌቦች ስለ ነበሩ አልሞቱም፤ ድኾች ስለ ነበሩና ጠባዩን የነገራቸው ስላልነበረ ነው። ቦቴ በተገለበጠ ጊዜ የቀበሌው ሹም የመጀመሪያ ሥራው ሕዝቡን ማራቅ፣ ሞተርና ሲጋራ ማስጠፋት ነው።

«ታዲያ በጀሪካን የሚሸጠውን ሁሉ ወርሰን ብንጨርስስ?» የሚል ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ሕገ ወጡን ሽያጭ ይቀጣል፤ መቅጣቱም ትክክል ነው። ነገር ግን ከማደያ ርቆ የሚኖር ገበሬ የውሃ መሳቢያውን ሞተር ተሸክሞ ወደ ማደያ ሊመጣ አይችልም። ሕጋዊው በር የተዘጋበት እንደ ሆነ በጓሮ ይገባል፤ በጓሮ የሚገባው ቤንዚን ደግሞ በአልጋ ሥር ይደበቃል። ስለዚህ መከልከል ብቻውን አደጋውን ከገበያ ወደ መኝታ ቤት ማዛወር ይሆናል። የተወረሰውም ጀሪካን በጽሕፈት ቤት ግቢ ተከምሮ የከረመ እንደ ሆነ፣ ሹሙ ራሱ ያንኑ ጥፋት በስፋት ፈጸመ ማለት ነው።

እንግዲህ የሚከተለው እንዲደረግ አሳስባለሁ።

1ኛ፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ሞተር ላለው ገበሬ መጠኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይስጠው፤ ማደያውም ለነዳጅ በተሠራ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ዕቃ ይቅዳለት እንጂ በውሃ ጠርሙስ አይቅዳለት። ሲቀዳም ዕቃው በምድር ላይ ይቀመጥ፤ በመኪና ወይም በሞተር ብስክሌት ላይ ሆኖ ሲቀዳ በመፋተግ የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ ብልጭ ሊል ይችላልና።

2ኛ፤ ገበሬው ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ሳይጠብቅ ቤንዚን አይጨምር። ማከማቻውም ከመኖሪያ ቤትና ከምድጃ የራቀ፣ ነፋስ የሚገባው ዳስ ይሁን።

3ኛ፤ አከራዮች በኪራይ ውላቸው ላይ «ቤንዚንና ቲነር በመኖሪያ ክፍል ማከማቸት ክልክል ነው» የሚል ቃል ያግቡ። ከኪራዩ የሚገኘው ገንዘብ የተቃጠለ ቤት አያሠራም።

4ኛ፤ ባዶ በርሜል ባዶ አይደለም፤ ተን ሞልቶበታል። በያጆች ሳይታጠብና ሳይናፈስ እንዳይበይዱት ይታዘዙ።

5ኛ፤ ይህ ትምህርት በእድርና በሽማግሌዎች ጉባኤ ይነገር። በሰባት ቤት አገር የጆካ ሽማግሌዎች የተናገሩት ቃል በሰሌዳ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል።

እሳት ከተነሣም የቤንዚን እሳት በውሃ አይጠፋም፤ ቤንዚኑ በውሃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋዋል። ትንሽ ከሆነ በደረቅ አፈር፣ በአሸዋ ወይም በዱቄት ማጥፊያ ይታፈን፤ ትልቅ ከሆነ ሰው ይሽሽ። ልብሱ የተያያዘበት ሰው አይሩጥ፤ በምድር ላይ ይንከባለል። የተቃጠለው ገላ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ 20 ደቂቃ ይፍሰስበትና ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቅቤ ለክትፎ ይሁን እንጂ ለቃጠሎ መድኃኒት አይደለም። ቤንዚን ወይም ላምባ የጠጣ ሕፃንም በግድ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ገብቶ ይገድላልና ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ይህ ሁሉ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ዳስና የሹም ትጋት ነው። ቤት ከተቃጠለ በኋላ የጠፋውን ቆጥሮ ሪፖርት የሚጽፍ ሹም ሥራውን ሠርቷል ይባል ይሆናል፤ ሪፖርቱ እንዳያስፈልግ ያደረገው ሹም ግን ሕዝቡን ጠብቋል። ከሁለቱ የትኛውን መሆን እንደሚሻል ለክቡራን አንባቢዎች ማስተዋል እተወዋለሁ።