ከዕድር መዝገብ ይጀመር

የሰፈራችን ዕድር የፈረሰ ዕለት የተሰበሰብነው ንብረት ለመካፈል ነበር። ሠላሳ አግዳሚ ወንበር፣ ስድስት ትልልቅ ብረት ድስት፣ ሁለት ድንኳን፣ ብዙ ሳህን። ድስቱና ሳህኑ ሳይቸግረን ተከፋፈለ። ድንኳኑ ላይ ስንደርስ ሁሉም ዝም አለ። ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ምትክ ቤት ኮዬ ፈጬ የደረሳቸው ሰባት ቤተሰብ ናቸው፤ የካ አባዶ አምስት፤ ገላን ስምንት፤ የቀሩት በየዘመዱ ቤት ተበትነዋል። ሰባት ቤተሰብ ለብቻው ድንኳን ተክሎ ማንን ያስተናግዳል? ጸሐፊው መዝገቡን ዘግተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ መነጽራቸውን አወለቁና ወጡ። መዝገቡን እኔ ይዤው መጣሁ። ይህን የምጽፈው እሱን ከፊቴ ዘርግቼ ነው፤ ንዴቴንም አልደብቅም።

ስለ መልሶ ማልማት የሚነገረኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከተማዋ ተጎሳቁላለች፣ መታደስ አለባት፣ ለተነሺው ምትክ ቤት ተሰጥቷል። ቤት ተሰጥቷል! እናቴን ከአርባ ዓመት ጎረቤቶቿ ነጥሎ፣ ማንንም ወደማታውቅበት አራተኛ ፎቅ አውጥቶ፣ ቁልፍ አስይዞ «ቤት ሰጠናት» የሚል ሰው ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም። ፕላን የሚሠራ ሰው ይህን አለማወቁ ደግሞ በደል ነው፤ ሙያው ነውና።

የድሮው ሰፈር እንዳለ ይመለስልኝ አላልኩም። እዚያው ተወልጄ አድጌያለሁና ድህነቱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ለስድስት አባወራ አንድ ሽንት ቤት ምን ማለት እንደሆነ በሌሊት ወረፋ የጠበቀ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ እናቴ በየጥጉ ሳፋ ትደቅናለች። ግድግዳው ጭድ የተለወሰበት ጭቃ ነው፤ ከሥሩ ይርሳል፣ ይላላል፣ ይናዳል። ያ ቤት መለወጥ ነበረበት። ግን ማን አበሰበሰው?

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረ ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ተመኑም ተቀነሰ፤ ለደሃው ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህን አልክድም። ከዚያ በኋላ ግን ኪራዩ እዚያው ተገትሮ ለአሥርት ዓመታት ኖረ። በጥቂት ብር ኪራይ ጣሪያ አይቀየርም፣ ምሰሶ አይታደስም፤ አልታደሰምም። ተከራዩ ከራሱ ኪስ ልጠግን ሲል ደግሞ ፈቃድ ይከለከላል። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ቦታው ለልማት ይፈለጋል። እኛ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ለመለወጥ ስናመለክት «ሊነሣ ነው፣ አትድከሙ» የተባልንበትን የመጀመሪያ ዓመት አስታውሰዋለሁ፤ እኔ ገና ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ሰፈሩ የተነሣው ልጄ ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። በመሃሉ ሳፋ ስንደቅን ኖርን። አንድን ሰፈር እንዳይጠገን ከልክሎ ሲበሰብስ መጠበቅ፣ ሲበሰብስ ደግሞ «ጎስቋላ ነው» ብሎ ማፍረስ ምን ዓይነት ፕላን ነው? ጉስቁልናው በቢሮ ውሳኔ የመጣ እንጂ ነዋሪው የፈጠረው አይደለም።

እኛ ሰፈር የምንለውን ነገር ፕላነሮቻችን በካርታቸው ላይ ዓይተውት አያውቁም። አዲስ አበባ ከጥንቱ በሰፈር የቆመች ከተማ ናት። መኳንንቱ ቦታ ሲመሩ አጃቢው፣ ወታደሩ፣ ባለሙያው በዙሪያቸው ሰፈረ፤ ራስ መኮንን ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን የምንጠራው ከዚያ የመጣ ነው። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎቹ ነበር። ከዚህ አሰፋፈር የተረፈን አንድ ብርቅ ነገር ባለቪላውና ባለጭቃ ቤቱ አንድ ቀበና ወንዝ ተሻግረው፣ አንድ ባለሱቅ ጋ በዱቤ ወስደው፣ በአንድ ዕድር እየተቀባበሩ መኖራቸው ነው። ብዙ ከተሞች ሀብታሙን በአጥር፣ ደሃውን በርቀት ከለዩ በኋላ መልሰው ለማደባለቅ የሚደክሙበትን ነገር እኛ በእጃችን ይዘነው ነበር። አሁን በገዛ እጃችን እየበተንነው ነው፤ መሃሉን ለከፋይ፣ ዳሩን ለደሃ።

በዚህች ከተማ ላይ የወረቀት ዕቅድ ያልዘረጋ የለም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ከተማዋን አንድም ቀን ሳይረግጥ ንድፍ ሥሎ ለሙሶሊኒ ላከ፤ በወረቀቱ ላይ ሰው የለም፣ ቀጥ ያለ ጎዳና ብቻ። ጉይዲና ቫሌ የተባሉት የፋሺስቱ ፕላነሮች አገሬውን ከነጩ ለይተው ገበያውን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ገፉት፤ መርካቶ የዚያ መለያየት ልጅ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው አበርክሮምቢ መጣ። በ1957 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደውን ታላቅ መስመር አጎላ። በደርግ ዘመን ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ ተከተለ። ከዚያ ወዲህ ያሉት በአብዛኛው በራሳችን ልጆች የተሠሩ ናቸው፤ የሚያሳምመኝም ይኸው ነው። ዕድር ከፍሎ ያደገ፣ እናቱ ጎረቤት ቤት እሳት ስትጭር ያየ ልጅ፣ አርክቴክቸር ተምሮ ሲመለስ ሰፈሩን ለ ኮርቡዚየ ባየበት ዓይን ያየዋል። ባዶ ቦታ!

ኮንዶሚኒየሙ ሲጀመር፣ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፣ ተስፋዬ ትልቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሺህ ቤተሰብ ጣሪያው የማያፈስ ቤት አግኝቷል፤ በ2005ቱ ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው መሰለፉም የችግሩን ስፋት ያሳያል። የሐሳቡ ጠላት አይደለሁም። ንድፉን ግን ተመልከቱት። ጀሞ ላይ የቆመው ብሎክ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይደገማል፣ ከዚያ የካ አባዶ፣ ከዚያ ቦሌ አራብሳ፤ ኮረብታ ላይም ሜዳ ላይም አንድ ነው። አራት ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው። ጉልበቷን የሚያማት አሮጊት ላይኛው ፎቅ ደርሷት ቤተ ክርስቲያን መሳም ትታለች። አርክቴክቶቹ የእኛን ኑሮ ሳያስቡት አልቀሩም፤ ኮሚናል የሚሉት ቤት በየብሎኩ ጎን ተሠርቷል፣ እንጀራ ሊጋገርበት፣ በግ ሊታረድበት፣ ልብስ ሊታጠብበት። ግሩም ሐሳብ! በስንቱ ሳይት ግን ኮሚናሉ ቢሮ ሆነ፣ ሱቅ ሆነ፣ ተቆለፈ። ሴቶቹ በርበሬ የሚያሰጡት መንገድ ዳር ነው፤ ምጣዱ በጠባብ ኩሽና ጢሱንና እንፋሎቱን ሳሎን ላይ ይለቃል።

ከንድፉ ሁሉ የከፋው ግን ዕጣው ነው። ዕጣ ፍትሐዊ ነው ይባላል፤ አንድን ሰው ከሌላው ሰው ጋር ስታወዳድረው እውነት ነው። ሰፈርን ለሚያነሣ ፕላን ግን ዕጣ እንደ ወንፊት ነው፤ ጎረቤትን ከጎረቤት አንጠርጥሮ ይጥላል። እኛም ዕጣ ወጣልን። እናቴ አንድ ሳይት፣ ልጇን በጡቷ ያጠባችላት ጎረቤቷ ሌላ ሳይት። አንድ ላይ መድቡን ብለን ስንጠይቅ አሠራሩ አይፈቅድም ተባልን። አንድ ሰፈርን ሙሉ በሙሉ፣ ከነዕድሩ፣ በአንድ ብሎክ ለማስገባት የሚያስፈልገው ገንዘብ ምንድን ነው? ምንም! ሲሚንቶ አይጨምር፣ ብረት አይጨምር። የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ ማንበብ ብቻ ነበር።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ለሦስት ምግብ ቤት ታደርስ ነበር፤ በእግሯ፣ በአሥር ደቂቃ። ያ ገበያ ከከተማው ዳር በሁለት ታክሲና በአንድ አውቶቡስ አይደረስም። የካሳው ስሌት ግድግዳና ጣሪያ ይቆጥራል፤ ያንን አሥር ደቂቃ የሚቆጥርበት ዓምድ የለውም። ከሠፈራው በኋላ የደኸዩትን ሰዎች ምን ሆናችሁ ብትሏቸው የሚነግሯችሁ ይህንን ነው፦ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሥራው የለም።

መሃሉ ውድ ነው፣ ደሃ ሊቀመጥበት አይችልም ይሉኛል። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ታዲያ እኛ ማን ነን? ያንን ቦታ ውድ ያደረገው ማን ሆነና? ጉሊቱን የተከለች፣ መንገዱን በእግሯ ያቀናች፣ ሌሊት ሌባ ሲገባ «ኡ!» ብላ የጮኸች ሴት ናት። ዋጋውን የፈጠረ ሰው ዋጋው ስለበዛ ውጣ ሲባል እንዴት ዝም ይባላል? ደግሞስ የቸኮላችሁበት ቦታ ሁሉ ለምቷል? በሸራተን ሆቴል ዙሪያ ነዋሪው ከተነሣ በኋላ ቦታው ስንት ዓመት ባዶውን ከረመ? ፒያሳ ላይ የዓድዋ መታሰቢያ እስኪቆምበት ድረስ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ሥር ያለው ቦታ ስንት ዓመት በቆርቆሮ ታጥሮ አየነው? ሰው በሳምንት ይነሣል፤ ሣሩ ለአሥር ዓመት ይበቅላል።

ሌላ መንገድ እንዳለ ማሳያው ሩቅ አይደለም። ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ ከ1970ዎቹ ጀምረው በዚህችው ከተማ ጎስቋላ ሰፈሮች ውስጥ ነዋሪውን ሳያነሡ ሠሩ፤ ሽንት ቤት፣ የጋራ ማድ ቤት፣ ድንጋይ የተነጠፈበት መተላለፊያ፣ የታደሰ ቤት። ውሳኔው ላይ ነዋሪው ነበረበት። ያ ልምድ በየዩኒቨርሲቲው መማሪያ፣ በየማዘጋጃው መመሪያ መሆን ነበረበት። በቺሊዋ ኢኪኬ ከተማ ደግሞ ለሠላሳ ዓመት መሃል ከተማ ተጠጋግተው የሰፈሩ መቶ ያህል ቤተሰቦች ነበሩ። ብሩ ሙሉ ቤት አያሠራም። አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና እ.ኤ.አ. በ2004 ቦታቸውን ሳያስለቅቅ ለየቤተሰቡ ግማሽ ቤት ሠራ፤ ሰው በራሱ ሊሠራው የሚከብደውን ግማሽ፣ ደረጃውን፣ ኩሽናውን፣ መታጠቢያውን። ቀሪውን ቤተሰቡ አቅሙ በፈቀደ ጊዜ ጨመረበት። እኛ ጨረቃ ቤት በአንድ ሌሊት የሚያቆም ሕዝብ እያለን፣ ጓዳ መቀጠል በደሙ ያለ ሕዝብ እያለን፣ ይህን ማን ያስተምረናል?

ስለዚህ ጥያቄዬ ግልጽ ነው። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ፒያሳን፣ በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስን ያየ ሰው ከእንግዲህ የሚነሣው ሰፈር ሁሉ ያስፈራዋል። ከማፍረስ በፊት ይሠራ። በየሰፈሩ ባዶ መጋዘን፣ የተዘጋ ግቢ፣ የታጠረ ቦታ አለ፤ የመጀመሪያው ሕንፃ እዚያ ይቁም፣ ነዋሪው ሁለት መቶ ሜትር ተሻግሮ ይግባ፣ ከዚያ የለቀቀው ቦታ ይቆፈር። ታችኛው ፎቅ ለአረጋውያንና ለእንጀራ ጋጋሪዎች ይሁን። ትርፉን ላይኛው ላይ ሽጡት፣ ከፈለጋችሁ አሥራ አምስት ፎቅ ሥሩ፤ አልቃወምም። የፕላን ሥራው የመጀመሪያ ቀን ደግሞ ቀያሽ ከመላኩ በፊት የዕድሩ ጸሐፊ ይጠራ። ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ማን ማንን እንደሚያስታምም፣ ማን በማን እንደሚተዳደር በዚያ መዝገብ ተጽፏል። የትኛውም የሳተላይት ፎቶ ይህን አያሳይም።

በዚያ መዝገብ ያለው መኖሪያ ቤት ያለው ሰው ብቻ አይደለም። የእኛ መዝገብ ስድሳ አንድ ስም ይዟል። ለምትክ ቤት የተቆጠረው ግን የቀበሌ ውል ያለውና ካርታ ያለው ብቻ ነበር። ደባሎች፣ በየጓሮው ጓዳ ተከራይተው የሚኖሩት፣ ወር በገባ ቁጥር እንደ ማንኛችንም መዋጮ የሚከፍሉት፣ በዝርዝሩ አልነበሩበትም። ባለፈው ጾም ከየስሙ ጎን የሄደበትን በእርሳስ መጻፍ ጀመርኩ። ኮዬ። አባዶ። ገላን። ሁለቱ አርፈዋል፤ የአንዳቸውን ሞት የሰማነው ሰባተኛው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በአርባ ሦስተኛው ረድፍ ያለችው፣ በራችን ላይ ጎመን ትቸረችር የነበረችው ሴትዮ ስም ጎን ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ያለችበትን የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም።