ሽማግሌውን ማን ይንገራቸው?

በዚህ ዓምድ ስለ መለያየት ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬም ከመለያየት አልወጣሁም፤ ተለያዮቹ ብቻ ተለውጠዋል። የዛሬዎቹ አንድ ዩኒቨርሲቲና አንድ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ናቸው። አብረው የኖሩት ስንት ዓመት ይመስላችኋል? 47! እናትና አባታችሁ እንኳ ይህን ያህል ያልቆዩላችሁ ትኖራላችሁ።

እንደ ዓምዳችን ልማድ የሰው ስም አልጠራም። ኳስ የሚከታተል ሰው ሳይነገረው ያውቃቸዋል፤ የማይከታተለው ደግሞ ስሙ ቀርቶበት ነገሩ ይበቃዋል። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ዮርክ ስቴት ባለው ሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሰውየው እዚያ ግቢ የገቡት በ1962 ተማሪ ሆነው ነው። ቡድኑ ውስጥ የገቡትም ተጋብዘው ሳይሆን በራሳቸው ሞክረው፣ ያለ ነፃ የትምህርት ዕድል ነበር። ተጫወቱ፣ በ1969 ረዳት ሆኑ፣ በ1976 ዋና አሰልጣኝነቱን ያዙ። ከዚያ በኋላማ ማን ይነቅንቃቸው!

ደግሞ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ቡድናቸውን አምስት ጊዜ ከሀገሪቱ የመጨረሻ አራት ቡድኖች ተርታ አሰልፈዋል። በ2003 ካንሳስን 81 ለ 78 ረትተው የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ ወስደዋል። ክረምቱን በረዶ በሚከመርባት በዚያች ከተማ ለአንድ ጨዋታ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰበሰብ ነበር። ይህ እንግዲህ የተማሪዎች ጨዋታ ነው! ዩኒቨርሲቲውም ውለታ አልበላም፤ በ2002 የመጫወቻ ሜዳውን በስማቸው ሰየመላቸው።

ታዲያ ሁሉ ነገር ማር አልነበረም። በ2015 የኮሌጅ ስፖርት የበላይ የሆነው ኤን.ሲ.ኤ.ኤ ደንብ ተጥሷል ብሎ ቀጣቸው፤ ዘጠኝ ጨዋታ አገዳቸው፣ ከ100 የሚበልጡ ድሎቻቸውንም ከመዝገብ ሰረዘ። በዚያው ወር ዩኒቨርሲቲው «አሰልጣኛችን ከሦስት ዓመት በኋላ ይለቃሉ» ብሎ አስታወቀ። ተተኪውም ታወቀ፤ የገዛ ተጫዋቻቸው የነበረና ለረጅም ዓመታት ረዳታቸው ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ሙሽራው ታጨ፣ ድግሱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ቀኑ ሳይደርስ፣ በ2017፣ ሙሽራው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሄደ። ያውም ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ! እንደሄደ የሽማግሌው ውል ተራዘመ። ስለ መልቀቂያው ቀንም ማንም አፍ ሞልቶ የሚናገር ጠፋ።

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ተብሎ የነበረው ስምንት ዓመት ሆነ። በመካከሉ ደግሞ ዓለም ተለወጠ። ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀጣ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ቻለ፤ በስሙና በምስሉም ገንዘብ መሥራት ተፈቀደለት። ድሮ «ታገስ ልጄ፣ ተራህ ይደርሳል» የሚባለው ልጅ ዛሬ ሻንጣውን ሸክፎ «ቻው!» ይላል። ቡድኑ ወደ ሀገር አቀፉ ውድድር ከ2021 ወዲህ ሳይመለስ ቀረ። በ2021-22 የውድድር ዘመን 16 አሸንፎ 17 ተሸነፈ። ሰውየው በ46 ዓመት ዋና አሰልጣኝነታቸው ከድላቸው ሽንፈታቸው ሲበዛ ያ የመጀመሪያቸው ነበር። የሚያሳዝነው ደግሞ ያን ዓመት ሁለት ልጆቻቸው ለአባታቸው ቡድን ይጫወቱ ነበር።

መጨረሻው የመጣው ማርች 8 ቀን 2023 ነው። በኮንፈረንሱ ውድድር ዌክ ፎረስት በመጨረሻዋ ቅጽበት ባስቆጠራት ሦስት ነጥብ 77 ለ 74 አሸነፋቸው። የ78 ዓመቱ ሽማግሌ ጋዜጠኞች ፊት ተቀመጡ። «ይመለሳሉ ወይስ በቃዎት?» ሲባሉ ነገሩ የዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ነው አሉ። እውነትም የዩኒቨርሲቲው ነበር! ጥቂት ሰዓታት ሳይቆዩ መግለጫ ወጣ፤ 47 ዓመቱ አብቅቷል፣ አዲሱ አሰልጣኝ ረዳታቸው ነው ተባለ። እሱም ድሮ ያሰለጠኑት ተጫዋቻቸው ነው።

እኔ ሃይስኩል ሳለሁ ከሜዳ ዳር ኳስ ከማቀበል ያለፈ ታሪክ የለኝም፤ የአሰልጣኝነት ሙያ አላስተምርም። የሰው ለሰው ነገር ግን ይገባኛል። እንደኔ እንደኔ እኚህን ሰው መተካት ጭካኔ አልነበረም። ቡድኑ ደክሟል፣ እሳቸውም 78 ሞልቷቸዋል። የከፋው የአሰነባበቱ ነገር ነው። ከውጭ ሆነን ለምናየው ሰዎች ወሬውን የነገራቸው ወዳጅ ሳይሆን የውጤት ሰሌዳው መሰለ። 47 ዓመት የሠራ ሰው ዕጣው በሽንፈቱ ማግስት እንኳ ሳይሆን በዚያው ከሰዓት መነገር ነበረበት?

ዋሽንግተን ዲ.ሲ. የሚኖር አንድ አብሮ አደጌ አለ። እዚያ ያለው ያበሻ ብዛት መቼም ይታወቃል። እሱ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ሆኖላችኋል። በስልክ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «አንተ ለሽማግሌው ታለቅሳለህ፣ እኛ በፍቅር ብዛት ነው የሞትነው!» አለኝ።

ታሪኩን ስሙት። ጆርጅታውን በ1971-72 የውድድር ዘመን ያሸነፈው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነበር፤ 23 ተሸንፏል። በ1972 አንድ አሰልጣኝ መጡና እስከ 1999 ቆዩ። በ1984 ዋንጫ በሉ፤ ይህን ዋንጫ ያነሱ የመጀመሪያው ጥቁር አሰልጣኝ ሆኑ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግቢው ናፍቆታቸውን መርሳት አቃተው። መጀመሪያ ረዳታቸውን ሾመ። ቀጥሎ ልጃቸውን ሾመ፤ ልጅየው በ2007 ከመጨረሻዎቹ አራት አድርሶት ነበር፣ በኋላ ግን ነገሩ ቀዘቀዘና በ2017 ተሰናበተ። በእሱ ቦታ ማንን አመጡ? የ1984ቱን ዋንጫ ያመጣላቸውን ግዙፉን ጀግና ተጫዋች!

ጀግናው በ2021 የኮንፈረንሱን ዋንጫ አነሳና ሰዉ ጨፈረ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በኮንፈረንሱ 19 ጨዋታ አድርጎ 19ኙንም ተሸነፈ። አንድም! ቢሆንም ማን ደፍሮ ያሰናብተው? ሐውልት የሚሠራለትን ሰው ማን «ልቀቅ» ይላል? ሌላ ዓመት ተሰጠው፤ ሰባት አሸንፎ 25 ተሸነፈ። ማርች 9 ቀን 2023 አሰናበቱት፤ ከሲራኪዩሱ ሽማግሌ አንድ ቀን ብቻ ቆይቶ መሆኑ ነው። አብሮ አደጌ «ከቤት ሳንወጣ 24 ዓመት ለቅሶ ተቀመጥን» ያለኝ ይህን ነው።

ደህና የተለያየ የለም ወይ? አለ እንጂ። የዱክ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ 42 ዓመት ሠርተዋል። እሳቸው በጁን 2021 ብድግ ብለው «አንድ የውድድር ዘመን ሠርቼ እሄዳለሁ፣ ተተኪዬም ይኸውላችሁ» አሉ። ተተኪው የቀድሞ ተጫዋቻቸውና ረዳታቸው ነው፤ ልክ እንደ ሲራኪዩሱ። ልዩነቱ ቀኑ ነው። አንድ ዓመት ተባለ፣ አንድ ዓመት ሆነ። በ2022 ከመጨረሻዎቹ አራት ደርሰው፣ ተሸንፈው፣ ግን ቀና ብለው ወጡ። ወጣቱ በ2025 ቡድኑን እዚያው ቦታ መልሶ አደረሰው። ዱክ የደከመ ቤት አልነበረም፤ ይህን አልክድም። ቀን መቁረጥ ግን ሀብታም መሆንን አይጠይቅም።

እንግዲህ ምክር ብላችሁ ካነበባችሁኝ፣ ያለኝን ልስጣችሁ።

አንደኛ፣ ቀን ቁረጡ። «ሲበቃቸው ይለቃሉ» የሚባል ነገር ለማንም አይበጅም። ሽማግሌው የተባረሩ ይመስላቸዋል፣ ተተኪው የተከዳ ይመስለዋል። ቀኑ የሚቆረጠውም ቡድኑ እያሸነፈ፣ ሰውየውም እየተከበሩ ሳለ ነው። ከሽንፈት በኋላ የሚነገር ስንብት፣ ምንም አበባ ቢደረግበት፣ ቅጣት ነው የሚመስለው።

ሁለተኛ፣ ሰውየውንና ወንበሩን ለዩ። ሲራኪዩስ ሜዳውን በስማቸው ሲሰይም ውለታውን ከፍሏል። የሜዳው ስም የዘላለም ነው፣ ወንበሩ ግን የሥራ ነው። ወንበርን የፍቅር ስጦታ ካደረጋችሁት መቀበሉ ጥል ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ተተኪውን ተአምር አትጠይቁት። የሲራኪዩሱ ተተኪ በመጀመሪያ ዓመቱ 20 አሸንፎ 12 ተሸነፈ፤ ሰዉ «ይኸው!» አለ። በሁለተኛው 14 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ችግሩ የአንድ ሰው እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውየው ሲሄዱ አብሮ በሄደ ነበር። ቤቱ ሲያፈስ አባወራ መቀየር ብቻውን ጣሪያ አይደፍንም።

አራተኛው ለሽማግሌዎች ነው፤ ይህን ገጽ እንደምታነቡ አውቃለሁ፣ ልጆቻችሁ ሲጨርሱት ታነሱታላችሁ። ጌቶቼ፣ «እናንተ ወስኑ» ማለት ትሕትና ይመስላል። ነገር ግን ሸክሙን በሚወዷችሁ ሰዎች ጫንቃ ላይ መጫን ነው። ስትወዷቸው እናንተው ንገሯቸው።

አንዳንዶቻችሁ «ሽማግሌ ይከበር! ሁለት ዓመት ቢሸነፉ ምን አለበት?» ትሉኝ ይሆናል። ለአሰልጣኙ ሁለት ዓመት ከ47 ውስጥ ነው፤ ምንም አይደለም። ለተጫዋቹስ? የኮሌጅ ልጅ የሚጫወተው አራት ዓመት ነው። ከአራቱ ሁለቱን ሰዎች ለመናገር እየተፈራሩ ካሳለፉበት፣ የልጅነቱ ግማሽ በሌላ ሰው ይሉኝታ አለቀ ማለት ነው። ለዚያ ልጅ ሜዳ በስሙ አይሰየምለትም፣ ውልም አይራዘምለትም። ለሽማግሌው የምናዝን ሰዎች ለእሱም ትንሽ እንዘን።

ሽማግሌውን ማን ይንገራቸው? የሚወዳቸው ሰው፣ በር ዘግቶ፣ በጊዜ ይንገራቸው። ጠላትማ ምን ቸገረው፣ አደባባይ ላይ ይነግራቸዋል።

ቸር እንሰንብት።