«የዘር ነው» ብለን አንቁም

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ተበትነን ባዮሎጂ ስናስተምር፣ «ቲቸር፣ የእግር ዝሆኔ የዘር ነው አይደል?» የሚል ልጅ መነሣቱ አይቀርም።

መልሱ የተፈለገው እዚሁ ወላይታ ውስጥ ነው። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በ2004 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዲኤንኤ አነጻጸሩ። ልዩነት ያገኙት ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ነው፤ ለደም ካንሰር በሽተኛ መቅኔ ሲሰጥ ሐኪሞች የሚያመሳስሉትም እነዚሁኑ ነው።

እነፋሲል ግን ከዚያ ቀደም ሌላ ነገር አጥንተው ነበር፦ ሕሙማኑ ስለ ዘር የሚደረገው ምርምር መገለላቸውን እንዳያባብሰው መስጋታቸውን። እኛ ይበልጥ የምናደንቀው ይህን ነው። «የዘር ነው» ብለን ብንቆምማ፣ ከዚያ ቤት አትጋቡ የሚለውን ወሬ በሳይንስ ስም ማጽደቃችን አይደል?

ጂኑ ያጋልጣል እንጂ ብቻውን እግር አያሳብጥም። ጣጣውን የሚያመጣው ለዓመታት በባዶ እግር ሲረገጥ ቆዳን አልፎ የሚገባው የቀይ አፈር ደቃቅ ብናኝ ነው። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከልጅነቱ እግሩን እየታጠበ ጫማ የሚያደርግ፣ ከማንም ይወለድ፣ ከዚህ ይተርፋል።

ጫማ የሌለውስ? ከክፍል ከማስወጣት ይልቅ ወላጅ መምህር ኅብረቱ ይነጋገርበት።