ጥቁሩ ቅብዐት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንደ ቀኖና የሚጠብቀው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም ክረምቱ ሲቃረብ መኪናውን ላቫጆ አግብቶ፣ ሆዱን በውሃ ካሳጠበ በኋላ፣ በናፍጣ የቀጠነ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሥር በኮምፕሬሰር ማስረጨት ነው። ባሌስትራው፣ ሞላው፣ ሻንሲው፣ ቴስቲናው ሁሉ ጠቁሮ ባብረቀረቀ ጊዜ ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ሥርየት እንዳገኘ ሰው ልቡ ቀሎት ይሄዳል። እኔ ይህን ቅብዐት የዝገት መጋረጃ እለዋለሁ።

ቦሳ ኪቶ ካለው ግቢዬ የቆመው አሮጌ ላንድሮቨር በዚህ ልማድ ዓመት በዓመት ሲረጭ የኖረ ነው። ባለፈው ጥር የኋላውን ባሌስትራ አውርደን ንብርብሩን ከንብርብሩ ስንለይ፣ ከላይ እንደ ምጣድ ጥላሸት የጠነከረውን ጥቁር ቅርፊት በካቻቢቴ ጫፍ ብፈቅፍቀው፣ ዝናብ ከጠፋ ሳምንታት አልፈው ሳለ፣ ከሥሩ ውሃ ወጣ፤ ከውሃው በታችም እንደ ጡብ ዱቄት ያለ ቀይ ዝገት ተኝቶ ነበር። ከጎማ የተሠራው ጎሚኒው ደግሞ ሻይ ውስጥ እንደ ተነከረ ዳቦ አብጦ፣ በአውራ ጣቴ ብጫነው ተፈረፈረ።

ምሥጢሩ ረቂቅ አይደለም። ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ሲያገኙት ነውና፣ ዘይት በንጹሕና በደረቅ ብረት ላይ ቢያርፍ ለጊዜው እንደሚጋርደው እኔም አልክድም፤ ነገር ግን ላቫጆው ጭቃው ከስንጥቁ ሳይወጣ፣ ውሃውም ሳይደርቅ ስለሚረጨው፣ ዘይቱ እርጥበቱን ከብረቱ ጋር አትሞ ያስቀምጠዋል፤ ይህም ሳይናዘዙ ቅዱስ ቁርባን እንደ መቀበል ያለ ድፍረት ነው። በበጋ የአጋሮ መንገድ ቀይ አቧራ በቅባቱ ላይ ይለጠፋል፤ በክረምት ያው አቧራ ውሃ መጣጭ ጭቃ ይሆናል። ዘይቱም ራሱ ከሞተር ሲወጣ የቃጠሎውን አሲድና የብረቱን ብናኝ ተሸክሞ የወጣ ነው። ጎማን በተመለከተ ግን ነገሩ ከዚህ የከፋ ነው፤ የተፈጥሮ ጎማ በማዕድን ዘይት ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሞላውን አድናለሁ ያለ ሰው ሞላውን ይዞ የቆመውን ጎሚኒ በገዛ ገንዘቡ ይገድላል።

«ላንድሮቨር አይዝግም» የሚለውም ብሂል ለዚህ ስንፍና መሸሸጊያ ሆኗል። መኪናው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወለድ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን የሚታደል ስለ ነበር ቆዳው ከአልሙኒየም ተሠራ፤ አጥንቱ ግን፣ ሻንሲውም ባሌስትራውም፣ ብረት ነው። ቆዳው ያበራል፤ አጥንቱ ይበላል። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ከውጭ ማስገባትን ስላስወደደ፣ ይህ አጥንት ለልጅ የሚተርፍ ንብረት ሆኗልና ነገሩ እንደ ቀድሞው በቸልታ የሚታለፍ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ነገሩ ከመርጨት ይልቅ ድካም የሚጠይቅ መሆኑን አስቀድሜ እነግረዋለሁ። ዕቃው ይፈታ፤ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ይፋቅ፤ ፀሐይ ይምታው፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር አንቲረስት፣ በላዩም ቀለም ይቀባ። ቸኩሎ ሞላን በብርቱ አሲድ የሚዘፈዝፍ ግን ይጠንቀቅ፤ ከአሲዱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ጠንካራው ብረት ገብቶ ያሰባብረዋልና። ቀለም በማይቆይበት በባሌስትራው ንብርብር መካከል የግራፋይት ግራሶ ይግባ። ለብሎንና ለተራቆተ ጠርዝ ደግሞ የአገራችን ማር የሚተወው ሰም በተፈላ የተልባ ዘይት ቀልጦ ስስ ሆኖ ቢቀባ (ጎሚኒውን ሳይነካ) የሚናቅ መድኃኒት አይደለም፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ቆዳ ይሠራል፣ አቧራም አይስብም። የቀባችሁበትን ጨርቅ ብቻ ጠቅልላችሁ አትጣሉ፤ በራሱ እሳት ይይዛል።

የተቃጠለው ዘይት በነፃ ይገኛል የሚል መልስ ሁልጊዜ ይሰነዘርብኛል። ነፃ የሆነው ግን ለሚረጨው ነው። የሰኔ ዝናብ ከመኪናው ሥር አጥቦ ወደ አዌቱ ወንዝ ያወርደዋል፤ ከአዌቱም ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቡና ነጋዴው ነው። ቡና የባዕድ ሽታ ፈጥኖ እንደሚስብ ከማንም በላይ ያውቃልና ከቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ የናፍጣ ጀሪካን ያቆመውን ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ሲቆጣ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ ቡና በጆንያ አድርጎ፣ ከሥሩ ናፍጣና ጥቁር ዘይት በሚያንጠባጥብ መኪና ላይ ያስጭናል።