ገበሬውን የሚመክረውም የሚከሰውም አንድ ሰው!

በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ዋጋ ጣሪያ በነካ ጊዜ መንግሥት ለገበሬው 15 ቢሊዮን ብር ደጎምኩ አለ። በሬዲዮ ተነገረ፣ በቴሌቪዥን ተነገረ፣ በየአዳራሹ ተጨበጨበ። እሰየው! ብሩ የሕዝብ ነው፣ ለሕዝብ ቢወጣ ምቀኝነት የለብኝም። ግን እኔ የምለው፣ ገበሬው ከመንግሥት የሚቀበለው ማዳበሪያ ብቻ ነው እንዴ? ትእዛዝም ይቀበላል። እርከን ሥራ፣ ኮምፖስት አዘጋጅ፣ ተዳፋት አትረስ፣ ከብትህን አትልቀቅ፣ ችግኝ ትከል። ትእዛዙ ክፉ ነው አላልኩም። አፈራችን እየታጠበ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ካለ ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ከየረር ተራራ የሚወርደውን የጎርፍ ቀለም ይመልከት። ጥያቄዬ አንድ ነው። ትእዛዙን መፈጸም እንዲችል ገበሬውን የሚረዳው ማነው? መልሱ ያስቃልም ያስለቅሳልም። የሚረዳው ያው የሚያዘው፣ የሚመዘግበው፣ የሚከሰው ሰው ነው!

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። የፌዴራሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት እንዳይታረስ፣ ልቅ ግጦሽም እንዳይገባበት ከለከለ። ከ31 እስከ 60 በመቶ በሆነው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራ ሰው ደግሞ ጠረጴዛማ እርከን መሥራት አለበት አለ። ከዚያም ጠበቅ አድርጎ መሬቱን ሳይጠብቅ ያስጎዳ ባለይዞታ የመጠቀም መብቱን ያጣል ብሎ ደነገገ። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። መሬትህን ጠብቅ የሚለው ግዴታ ግን ከገበሬው ጫንቃ አልወረደም።

እስቲ ልብ በሉ! ለገበሬ መሬቱን ማጣት ማለት ለከተማ ሰው ደሞዙን፣ ቤቱንና ጡረታውን በአንድ ቀን እንደ መነጠቅ ነው። ይህን የሚያህል ቅጣት በላዩ የተንጠለጠለበት ሰው ማሳው 28 በመቶ ይሁን 33 በምን ያውቃል? በዓይኑ ይለካው? «ኧረ ቅጣቱ እኮ በተግባር ብዙም አይፈጸምም» የሚሉኝ አሉ። አውቃለሁ። የማይፈጸም ቅጣት ግን ከሚፈጸመው ይብሳል። መቼና በማን ላይ እንደሚመዘዝ የሚያውቀው የቀበሌው ሹም ብቻ ነዋ!

አሁን ወደ ማሳው እንውረድ። አድአ የጤፍ አገር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጋዜጣ ምሳ ቤት ተቀምጠህ የምታነበው ከሆነ ፊትህ ያለው እንጀራ ከዚሁ ከኛ ጥቁር አፈር የመጣ ሊሆን ይችላል። ጤፍ ቅንጡ ነው። ዘሩ ደቃቃ ስለሆነ መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ታርሶ፣ ልሞ፣ በከብት ተረግጦ ነው የሚዘራው። የሚዘራውም ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ ላይ ነው። ስለዚህ ዝናቡ በሚበረታበት ሰሞን ማሳው እንደ ዱቄት ልሞ ራቁቱን ቁጭ ይላል። ጎርፍ ከዚህ የተሻለ ድግስ ከየት ያገኛል? ገበሬው ይህን ስለማያውቅ አይደለም የሚያደርገው። ሸማቹ ነጭ ጤፍ ይላል፣ ገበያው ነጭ ጤፍ ይላል፣ የማዳበሪያ ዕዳውም የሚከፈለው በነጭ ጤፍ ነው።

አፈሩን በጊዜ በሰብል ማልበስ አይቻልም እንዴ? ይቻላል። የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አፍንጫችን ሥር ነው ያለው። (ከተማው ቢሾፍቱ ተብሎ ጥንተ ስሙ ቢመለስለትም ማዕከሉ በድሮው ስም ቀርቷል።) እዚሁ ጣቢያ የነበረው ኢልካ የተባለ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ድርጅትም ከሌሎች ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚህ ዋልካ አፈር ላይ ብዙ ደክሟል። ሁለት የአገራችንን ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብና የውሃ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ፤ ባለሙያዎቹ ቢቢኤም ይሉታል። ውሃው በቦይ ሲወጣ ስንዴው ቀደም ብሎ ይዘራል፣ ክረምቱ ሲጠና መሬቱ ልብሱን ለብሶ ይጠብቀዋል። መላው ጥሩ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ለበሬ ይከብዳል፣ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሲሰበር ጠጋኝ ይፈልጋል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ቦዩ ነው። ከአንዱ ማሳ የወጣ ውሃ ወንዝ እስኪደርስ የስንቱን ድንበር ያቋርጣል? የላይኛው ሲያፈስ የታችኛው በጎርፍ ይበላል፣ ጠቡ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። የጋራ ማፋሰሻ የሚቀይስ፣ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስማማ፣ መሣሪያውን በኪራይም ቢሆን የሚያቀርብ ሰው ሲኖር ነው እርዳታ አለ የሚባለው። በራሪ ወረቀት ማደል እርዳታ አይደለም።

ሌላው ትእዛዝ ገለባህን መሬት ላይ ተው፣ ፋንድያህን ኮምፖስት አድርግ የሚል ነው። በሬው ምን ይብላ? ምድጃውስ በምን ይንደድ? በቢሾፍቱ ዙሪያ የጤፍ ገለባ ለወተት ላም ይሸጣል፣ ለጭቃ ቤት ይሸጣል፤ ለድሃው ገበሬ ጥሬ ገንዘብ ነው። ኩበት ማገዶው ነው። ኩበቱን ከምድጃ ለማስወጣት መጀመሪያ ሌላ ማገዶ ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አይጠይቅም።

ዘመቻውንስ አንረሳውም። በተለይ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው ገበሬው ለተፋሰስ ልማት በነፃ ጉልበቱ ይወጣል። ይህን ያህል ሺህ ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፣ ሪፖርቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኪሎ ሜትሩ ይረዝማል። እርከን ግን በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካም። ሜዳማ ዋልካ ላይ ያለ ማፋሰሻ የተገተረ እርከን ውሃ ያቁራል፣ ሰብል ያቢጫል። ተዳፋት ላይ ሲጠጋጋ ለበሬ መዞሪያ ያሳጣል፣ አይጥ ይራባበታል፣ ግማሽ ሄክታር ካለችው ሰው ላይ መሬት ይበላል። ገበሬው ይህን ሁሉ ያውቃል። ግን ለማን ይናገር? ዝም ብሎ ይሠራል። ሰኔ ላይ ሲያርስ ደግሞ እየሸረፈ እየሸረፈ መልሶ ያርሰዋል። ከዚያ «አርሶ አደሩ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ተብሎ ስብሰባ ይጠራል። ግንዛቤ! የስንቱን ሹም ስንፍና የሸፈነች ቃል ናት!

እኔ ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጽሑፍ ስቦኝ በሙያው አልሠራሁም፣ አብረውኝ የተማሩት ግን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆነው በየቀበሌው ተበትነዋል። ስንገናኝ ስለ ውሏቸው ያወሩኛል። የማዳበሪያ ፍላጎት ይመዘግባሉ፣ የዘመቻ ቀሪ ይይዛሉ፣ መዋጮና ዕዳ ያልከፈለውን ስም ያስተላልፋሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ፣ ማታ ሪፖርት ይጽፋሉ። ምክሩስ? ምክሩማ ጊዜ ከተረፈ! ልጆቹ ክፉዎች አይደሉም። ደሞዛቸው ትንሽ፣ መንገዳቸው በእግር፣ አለቃቸው ብዙ ነው። ነገር ግን እርከኑ ጤፉን ያበላሸበት ወይም የተከለከለ ተዳፋት ያረሰ ገበሬ ችግሩን ለነሱ እንዴት ብሎ ይንገር? የሚመክረው ልጅ ነገ ማዳበሪያ ሲታደል ደብተሩን የሚገልጠው ራሱ ነው። ስለዚህ ይደብቃል። ሲጠየቅ ሁሉ ደኅና ነው ይላል። ሐኪሙ ፖሊስ ከሆነበት በሽተኛው ቁስሉን ቢሸፍን ይፈረድበታል?

በሕግ ማዳበሪያውና እርከኑ አልተሳሰሩም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አይጠፋም። በወረቀት ልክ ነው። በደብተር ግን ተሳስረዋል፤ ደብተሩ የአንድ ሰው ነውና። ማዳበሪያ ሲያጥር ደግሞ የደብተሩ ጉልበት እጥፍ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ በአማራ ክልል ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ባሕር ዳር ድረስ ለአቤቱታ ሲወጣ አይተናል። ሴፍቲኔት ላይማ ነገሩ ግልጥ ነው። በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ አንስቶ ጉልበት ያለው ሰው እህሉን ወይም ብሩን የሚያገኘው በእርከን፣ በመንገድና በመሳሰለው ሥራ ነው።

ፍርሃቱም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ በማዳበሪያ ዕዳ በሬው የተሸጠበት፣ እስር ቤት የገባ ገበሬ ጥቂት አልነበረም። ዕዳውን ለማስከፈል ይሯሯጡ ከነበሩት አንዱ ያው መካሪው ነበር። ከዚያ በፊት በደርግ ጊዜም በዓለም ምግብ ፕሮግራም ስንዴ፣ በቀን 3 ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት እየተከፈለ ስንት ተራራ ተቆፈረ! ስንት ችግኝ ተተከለ! በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥቱ ሲፈርስ በብዙ ቦታ የጋራው ደን ተጨፈጨፈ፣ እርከኑም ፈረሰ። ገበሬው ዛፍ ጠልቶ አይደለም። ዛፉን የሱ ነው ያለው ሰው አልነበረማ!

«ታዲያ በድሃ አገር ምን ይደረግ?» ትሉኝ ይሆናል። ድህነት ነው ብዬ አልቀበልም። እዚሁ ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉትን የአበባ እርሻዎች ተመልከቱ። ልማት ባንክ ከወጪያቸው እስከ 70 በመቶ አበደረ፣ የግብር እፎይታ ተሰጠ፣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ገባ። እነሱም ግዴታ መጣባቸው፤ የአውሮፓ ገዢ ስለ ኬሚካሉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ሠራተኛው ይጠይቃል። ሲጠየቁ ብቻቸውን አልተተዉም። በ1999 ዓ.ም. ማኅበራቸው በሆላንዶች ድጋፍ የአሠራር ደንብ አወጣ። ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እያለ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ ነው፤ አሠልጣኝ አለው፣ መርማሪ አለው፣ ዛሬ ነሐስ የሆነ ነገ ብር ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 207 አጸናው። አበባው ንጹሕ ሆነ አላልኩም፣ ስለ ኬሚካሉና ስለ ውሃው የሚባለውን ሁላችንም እንሰማለን። የኔ ነገር ሌላ ነው። መንግሥት ግዴታ ላለበት አምራች እርዳታ ማዘጋጀት ያውቅበታል ማለት ነው። ለጽጌረዳ ያወቀበትን ለጤፍ ሲሆን ለምን ጠፋው?

ውጭ አገር ደግሞ ነገሩ በሕግ ተጽፏል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2003 የገበሬውን ድጎማ ከአካባቢ ጥበቃ ግዴታ ጋር አሰረው፤ ውሃ የበከለ፣ አፈር ያስጎዳ ድጎማው ይቀነስበታል። እዚያው ሕግ ውስጥ ግን አባል አገሮች እስከ እ.ኤ.አ. 2007 ድረስ ለገበሬው የምክር አገልግሎት እንዲያቋቁሙ አዘዘ። ገበሬው ወደ መካሪው የሚሄደው በፈቃዱ ነው። መካሪውም በምክሩ ሥራ ያወቀውን የገበሬውን ጉዳይ ለሌላ ሰው እንዳያወጣ ተከለከለ፤ በሕግ መገለጥ ያለበት ጥፋት ካልሆነ በቀር። አያችሁ ልዩነቱን? ቀጪው ሌላ፣ መካሪው ሌላ! ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 ገበሬዎቹ መረራቸውና ትራክተራቸውን ይዘው ብራስልስን አጨናነቁ። ኅብረቱ ደንግጦ ከ10 ሄክታር በታች ያላቸውን ከግዴታዎቹ ቁጥጥርና ቅጣት ነፃ አወጣ። አስር ሄክታር! በኛ አገር አንድ ሄክታር ያለው ደኅና ገበሬ ነው የሚባለው። እነሱ ትንሽ ነው ብለው የማሩት ሰው እኛ ዘንድ ቢመጣ ባላባት ይሆን ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አለዚያ ይህ ሁሉ ወሬ ነው። እርከን ለአንድ ዓመት አይሠራም። ዛፍ ለልጅ ነው የሚተከል። የአድአ ገበሬ ግን ጎረቤቱ ለአበባ ሲነሳ አይቷል፣ ከተማው ሲሰፋ አጎቱ ካሳ ተቀብሎ ሲበተን አይቷል፣ አሁን ደግሞ አቡሴራ ላይ ለአዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሰው ከቀዬው መነሣቱን ሰምቷል። አውሮፕላን አይረፍ አላልኩም። ነገ የማን እንደሚሆን ለማያውቀው መሬት ድንጋይ ተሸክመህ ካብ ብሎ ማዘዝ ግን ድፍረት ነው።

ምን ይሁን? የምጠይቀው ሰማይ ጠቀስ ነገር አይደለም። ተዳፋት አትረስ የተባለ ሰው የተዳፋቱ ልክ በነፃ ይለካለት። ያንን መሬት ትቶ ሣር ወይም ዛፍ ሲተክል፣ እስኪደርስለት ድረስ የሚበላው ይሰጠው፤ ድጎማ ማለት እዚህ ላይ ነው! ማፋሰሻው በጋራ ይቀየስ። የምርምር ማዕከሉ ሰዎች በመስክ ቀን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ሳይሆን ጎርፉ ሲመጣም ማሳው ላይ ይታዩ። እርከኑ ጎዳኝ ያለ ገበሬ ስሙ ሳይጻፍ ይደመጥ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ሳንቲም የማያስወጣ ሥራ አለ። በመጪው በጋ ዘመቻው ሲጠራ ያንን የቀሪ ደብተር ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው እጅ ውሰዱት። የመዋጮውንም፣ የዕዳውንም ጨምራችሁ። ልጁ የተማረውን ያስተምር። ደብተር የሚይዝ ካድሬ እንደሆነ አታጡም!