ክንዳችንን ሰጠን፤ የመርፌውን ስም ማን ይንገረን?

«አባባ፣ የትኛውን የኮሮና ክትባት ነው የወሰዱት?» ብላችሁ አንድ የፋርጣ ወይም የጋይንት ገበሬ ጠይቁ። «እኔ ምን አውቄ ልጄ፤ መርፌ ነው የወጉኝ!» ይላችኋል። ጥፋቱ የገበሬው ነው? በፍጹም! የነገረው የለማ!

ነገሩ ተራ እንዳይመስላችሁ። መርፌ ሁሉ አንድ አይደለም። ሕንድ የተመረተው አስትራዜኔካ የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. አገራችን ገባ። በመጋቢት የቻይናው ሲኖፋርም፣ በሐምሌ የአሜሪካው ጆንሰን ተከተሉ። ፋይዘር ኋላ መጣ። በደም ውስጥ የሚፈጠረው አንቲቦዲ ሲለካ ፋይዘር ይመራል፤ አስትራዜኔካ ይከተላል፤ ሲኖፋርምና የጆንሰን አንድ መርፌ ዝቅ ይላሉ። በአስትራዜኔካ ጀምሮ በፋይዘር የደገመ ሰው፣ አስትራዜኔካን ሁለቴ ከተወጋው የበለጠ አንቲቦዲ እንደሚያወጣም የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት አሳይተዋል።

«ታዲያ የኛው ከንቱ ነበር?» የሚል አይቸኩል። አንቲቦዲ በወራት ውስጥ ይቀንሳል፤ ሰውነት ጠላቱን ለይቶ የሚያስታውስበት ኃይል ግን ይቆያል። ከጽኑ ሕመምና ከሞት የሚያድነው አንዱ እሱ ነው። በጅማና በጳውሎስ ሆስፒታሎች ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ እስከ የካቲት 2013 ዓ.ም. ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታው እንደያዛቸው ከደማቸው አረጋግጧል። ተይዞ የዳነ ሰው መርፌ ሲጨመርለት አንቲቦዲው ይንራል።

ይህን ለሕዝብ መንገር ምን ይከብዳል? በመጋቢት 2013 ሕንድ ክትባት ወደ ውጭ መላኳን ስትገታ በየአገሩ ሁለተኛው መርፌ ዘገየ። የአስትራዜኔካ ሁለተኛ መርፌ ሦስት ወር ያህል ቢቆይ አንቲቦዲውን ይበልጥ ያጠነክረዋል እንጂ አይጎዳም። ይህን በየቀበሌው ዞሮ ያስረዳ ማን ነው? ያልተነገረው ሕዝብ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ ቢሸሽ ይፈረድበታል?

በነሐሴ ደግሞ ጦርነቱ ደቡብ ጎንደር ገባ። ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ፤ የነፋስ መውጫ ሆስፒታል ተዘረፈ። በዚያ ሽብር መሃል የክትባት ካርድና ቀጠሮ ማን ያስታውሳል?

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜው አበቃ ብሏል። ወረርሽኝ ግን ነገም አለ። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተቀለጠበት አገር፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲም ሆስፒታልም ያለው አገር፣ የልጆቹን ደም መለካት ያቅተዋል? የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የምትወጉንን መርፌ ስሙን ንገሩን፤ ያስገኘልንንም ጥቅም በለንደን ሰው ደም ሳይሆን እዚሁ በእኛው ደም ለክታችሁ አሳውቁን።

ክንዱን ለሰጠ ሕዝብ ይህ ይበዛበታል?