ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት መኪናችሁን ጠይቁ

ባለፈው ወር ስልክ ቀየርኩ። የአሮጌው ስክሪን ተሰንጥቋል፣ ባትሪውም ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፤ ጊዜው ደርሶ ነበር። ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው፤ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ፣ ስንት ጊጋ እንደሚይዝ፣ በስንት ደቂቃ ቻርጅ እንደሚሞላ አንድ በአንድ ነገረኝ። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ብሉቱዙ ከመኪና ጋር በደንብ ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ብሉቱዝ 5.3 እኮ ነው! ይሄማ ምን ጥያቄ አለው?» አለኝ። እውነትም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ከፍዬ ወጣሁ።

ለካ ጥያቄ ነበረው።

መኪናዬ ከጃፓን የመጣች ትንሽ መኪና ናት፤ ዕድሜዋ ከብዙዎቻችሁ የሥራ ልምድ ይበልጣል። እንዲህ ዓይነት መኪና ያለው ሰው ብሉቱዝ ለምን እንደሚያስፈልገው ያውቃል። የጃፓን ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ አዳዲሶቹም ቢሆኑ እስከ 95 ነው። ሸገር 102.1 ላይ፣ ፋና 98.1 ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ማስፋፊያ ካላስገጠምን ሬዲዮናችንም፣ ሙዚቃችንም፣ ስልካችንም በብሉቱዝ በኩል ነው የሚመጣው።

አዲሱን ስልክ አገናኘሁት። «ተገናኝቷል» አለኝ። ዘፈን ከፈትኩ፣ ጥርት አድርጎ ተጫወተ። ደስ አለኝ። ችግሩ የመጣው ሲደወል ነው። ጥሪው በመኪናው ስፒከር ይጮሃል፤ ቴፑ ላይ ተጭኜ ሳነሳው ግን ድምፁ ከስልኩ ውስጥ ይወጣል። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ደግሞ ከሁሉ የሚብሰው አንዳንዴ የሚሠራ ነገር ነው፤ ጨርሶ ባይሠራ ሰው ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል።

አንድ ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ከመገናኛ ወደ አያት እየሄድኩ ታላቅ እህቴ ደወለች። አነሳሁ። ድምጿ ከጎኔ ካለው ወንበር ሥር «ሃሎ? ሃሎ? ኧረ አትሰማኝም ወይ?» ይላል። ስልኩ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወድቋል። ጎንበስ ብዬ በእጄ ፈለግሁት። ቀና ስል ዜብራው ላይ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ቆማለች።

ፍሬኑ ያዘ። አልነካኋትም። አንድ ጊዜ አየችኝና ቦርሳዋን አስተካክላ ተሻገረች። እኔ ግን ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እጄ እስኪረጋጋ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ይህቺን ሒሳብ ታውቋታላችሁ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 11 ሜትር ገደማ ነው። ዓይኔ ከመንገዱ የተነሳው ለ2 ሴኮንድ ቢሆን 22 ሜትር ዓይኔን ጨፍኜ ነድቻለሁ ማለት ነው። ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ፈተና ላይ አውጥቼዋለሁ! መልሱን እያወቅሁ ወደቅሁ።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ ስልክ የምጽፈው። ስልክና መኪና መስማማታቸው የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። የማይስማሙ ከሆነ እጃችሁን ከመሪ፣ ዓይናችሁን ከመንገድ ያነሳሉ። ይህንን ደግሞ ካርቶን ላይ የተጻፈ ቁጥር አይነግራችሁም፤ የሚነግራችሁ መኪናችሁ ብቻ ነው።

ቁጥሩ ለምን እንደማይነግረን ባጭሩ ላስረዳ። አዲስ ብሉቱዝና አሮጌ ብሉቱዝ ሲገናኙ የሚግባቡት አሮጌው በሚችለው ቋንቋ ነው። ስልካችሁ 5.3 ቢሆን፣ መኪናዋ ከ15 ዓመት በፊት የተማረችውን ነው የምታወራው። በዚያ ላይ በ2010 እንደ ፈረንጆቹ 4.0 ሲወጣ ብሉቱዝ ሁለት መንገድ ሆነ፤ አንደኛው ነባሩ ነው፣ ሁለተኛው ትንሽ ባትሪ የሚበላው፣ ለእጅ ሰዓትና ለመሳሰሉት የሚሆነው ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ለውጦች በአብዛኛው የሁለተኛው መንገድ ናቸው። የመኪና ጥሪና ሙዚቃ ግን አሁንም በብዛት የሚሄደው በነባሩ ነው። ስለዚህ 5.0 ሆነ 5.3፣ ለእኔ መኪና ያው ነው።

ሌላው ነገር፣ «ተገናኝቷል» የሚለው ቃል ያታልላል። ብሉቱዝ ውስጥ ፕሮፋይል የሚባሉ የተለያዩ የሥራ ድርሻዎች አሉ። አንዱ ጥሪ ያስተላልፋል፣ አንዱ ሙዚቃ፣ አንዱ ደግሞ የስልክ ቁጥሮችን ወደ መኪናው ይገለብጣል። አንዱ እየሠራ ሌላው ሊያስቸግር ይችላል። ዘፈን ስለተጫወተ ስልክ ያናግራል ማለት አይደለም።

ከእናንተ አንዱ፣ አሁን የመኪና ቴፕ የሚገጥም የድሮ ተማሪዬ፣ ስልኩን አየልኝ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ ከሁለቱም በኩል እናጥፋው» ብሎ ከስልኩም ከቴፑም ሰረዘውና እንደገና አገናኘው። ሁለት ቀን ሠራ፤ በሦስተኛው ቀን ያው ሆነ። ወደ ሱቁ ብመለስ «ካርቶኑ የተከፈተ አይመለስም» ተባልኩ። ስልኩን ለልጄ ሰጠሁት፤ እሱ መኪና ስለሌለው በጣም ደስ ብሎታል። እኔ ሌላ ገዛሁ። በሞዴል ያነሰ፣ በዋጋም የቀነሰ፣ ግን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የሞከርኩትን። እንደ ውሃ ይሠራል።

እንግዲህ የሁለት ስልክ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩትን በነፃ ውሰዱ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናውን ሱቁ አጠገብ አቁሙና እነዚህን ሞክሩ፦

1. መጀመሪያ ቴፑ ውስጥ የተከማቹ የድሮ ስልኮችን አጥፉ። ቴፑ የሚያስታውሰው የስልክ ብዛት የተወሰነ ነው፤ ሲሞላ አዲሱን አልቀበልም የሚል አለ። ጥፋቱ የስልኩ ሳይሆን ስልኩን ትተዉታላችሁ።

2. ደውሉ፣ ተደወሉም። ቢያንስ ሁለት ደቂቃ አውሩ። ድምፁ በየት እንደወጣ ብቻ አይደለም፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ሰው «እንዴት እሰማሃለሁ?» ሳይሆን «እኔስ እንዴት እሰማለሁ?» በሉት። በርሜል ውስጥ ሆናችሁ የምታወሩ የሚመስልበት ጊዜ አለ።

3. መኪናውን አጥፉና እንደገና አስነሱ። ስልኩ በራሱ ተመልሶ ተገናኘ? ይህ ዋናው ፈተና ነው። በየጠዋቱ በእጅ የሚገናኝ ከሆነ አንድ ቀን ቸኩላችሁ እየነዳችሁ ታገናኙታላችሁ። ራሴን ስለማውቅ ነው።

4. በምትጠቀሙበት አፕ ደውሉ። ስንቶቻችን ነን ልጅ ወይም እህት አረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለን? እነሱ የሚደውሉት በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ፣ በኢሞ ነው። የሲም ጥሪን አሳምሮ የሚያስተናግድ አሮጌ ቴፕ የአፕ ጥሪ ሲመጣ ግራ ሊገባው ይችላል።

5. ሁለት ሲም ያላችሁ፣ ከመኪናው ስክሪን ላይ ደውሉ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱን የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱን የሳፋሪኮም ያደረገው ሰው ብዙ ነው። ስልኩ «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» ላይ ከሆነ፣ ከመኪናው ስትደውሉ «በየትኛው ሲም?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ስልኩ ላይ ነው። እናንተ ጥሪውን ትጠብቃላችሁ፣ እሱ ደግሞ እናንተን ይጠብቃል። በመጨረሻ ስልኩን ታነሳላችሁ። ሴቲንግ ገብታችሁ አንዱን ሲም የጥሪ ሲም አድርጉት፤ ችግሩ ያልቃል።

6. የሰው ስም ስክሪኑ ላይ ይታይ እንደሆነ እዩ።

ስድስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እኔ ኮንታክቶቼን በሙሉ የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ስልኬ ላይ ያምራል። መኪናዋ ግን ፊደላችንን አታውቅም። እህቴ ስትደውል ስክሪኑ ላይ የሚወጣው አራት ባዶ ሳጥን ነው። ሐኪሜም ሲደውል ባዶ ሳጥን፣ ዕቁብ ሰብሳቢውም ባዶ ሳጥን። ማን እንደሆነ ለማወቅ ስልኩን ማየት አለብኝ፤ ብሉቱዙ ሊያድነኝ የመጣው ግን ከዚሁ ነበር። በድምፅ ልዘዝ ብትሉም ሲሪ አማርኛ አታውቅም። የአባቶቻችንን ስም በፈረንጅ አፍ እያጣመምን «ኮል እንትና» ማለት ነው ዕጣችን።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው፦ ብዙ የሚደውሉልኝን አሥር ሰዎች ስም ከአማርኛው ፊት በላቲን ጻፍኩ። የዕድሜ ልክ አስተማሪ ሆኜ የእህቴን ስም በሰው ፊደል መጻፍ አልተዋጠልኝም፣ አሁንም አልተዋጠልኝም። ግን ዜብራው ላይ የቆመችውን ልጅ ሳስብ እጄ ጻፈ። መኪና የምታስመጡ፣ ቴፕ የምትቀይሩ፣ ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆቼ ሆይ፣ እስቲ ይሄንን አስቡበት። በተለይ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ትልልቅ ስክሪን ያላቸው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። ደንበኛ ስለ ባትሪው እንደሚጠይቀው ሁሉ «አማርኛ ያነባል?» ብሎ ቢጠይቅ፣ አስመጪውም አንድ ቀን መልስ ይፈልግለታል። እግረ መንገዴን፣ የጉግል አገልግሎት ቻይና ውስጥ ስለማይሠራ ለዚያ ገበያ በተሠራ መኪና ላይ አንድሮይድ አውቶ አለ ብላችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።

ሌላ ትንሽ ማሳሰቢያ፦ መኪናው ኮንታክታችሁን ልቅዳ ሲላችሁ አስቡበት። የእኔ ቴፕ ውስጥ የቀድሞው ባለቤት የጃፓን ስልኮች እስከ ዛሬ ተቀምጠው ነበር። መኪና ስትሸጡ የእናንተም እንዲሁ ለማያውቁት ሰው እንዳይተርፍ አጥፉት።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ቲቸር፣ እየነዱ አለማውራት አይሻልም?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይህንኑ ነው፤ በእጅ ሳይያዝ የሚወራበት ስልክ በእጅ ከሚያዘው ብዙም የተሻለ አይደለም፣ ምክንያቱም እጅ ነፃ ቢሆንም ሐሳብ ነፃ አይደለም። ብሉቱዝ ፈቃድ አይደለም። እኔ አሁን በብሉቱዝ የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «እየነዳሁ ነው፣ ቆሜ ልደውልልሽ።» ያቺን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ግን ስልኩ መሥራት አለበት። ካልሠራ ደዋዩ ደግሞ ይደውላል፣ እኔም ጎንበስ እላለሁ። ራይድ የሚሠሩትን ደግሞ አስቧቸው፤ ደንበኛው «የት ደረስክ?» እያለ ቀኑን ሙሉ ይደውላል። ለእነሱ አትመልሱ ማለት አትብሉ ማለት ነው።

በመጨረሻ፣ መርካቶም ቦሌም ስልክ የምትሸጡ የድሮ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ይህን እያነበባችሁ ነው። ሰው ጫማ እንኳ ሳይለካ አይገዛም። ደንበኛው አሥር ደቂቃ መኪናው ውስጥ ይሞክረው። ካልፈለጋችሁ አንድ ለሙከራ የተከፈተ ስልክ አስቀምጡ፤ መታወቂያውን ያዙ፣ ልጅ አብራችሁ ላኩ። ሞክሮ የገዛ ሰው ተመልሶ አይጨቃጨቅም። ገዢዎችም አትፈሩ፣ ጠይቁ። «አይቻልም» ካሏችሁ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ሦስት እርምጃ ነው።

እስቲ የመኪናችሁንና የስልካችሁን ዓይነት፣ ተስማምተው እንደሆነም ከታች ጻፉልን። ነገ ስልክ ለመግዛት የሚወጣ አንድ ሰው ይጠቀምበታል።

ብቻ እየነዳችሁ እንዳትጽፉ።